የተዘጋው የተርቦች ቀዳዳ

ሌላ ተርብ ከመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ስንጥቅ እየተጎተተ ወጣና መጋረጃው ላይ አረፈ። ዋርሳዋ ወንበሩ ላይ የነበረውን ጋዜጣ አጥፈው ሊመቱት ተነሱ። እሷ ቀደመቻቸው፤ ብርጭቆ ደፋችበት፣ ከሥሩ ካርቶን አስገባች፣ መስኮቱን ከፍታ ለቀቀችው።

«እንግዳ ነው የምትሸኚው?» አሉ።

«ሲጨፈለቅ ሽታው ሌሎቹን ይጠራል፣ ጋሼ።»

የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከትናንት በስቲያ እሷ ሥራ ላይ ሳለች በትርፍ ቁልፋቸው ግቢ ገብተው፣ ጣሪያው ሥር ያለውን የተርቦቹን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፍነውት ሄደዋል። ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት ማለት የቆየ ልማዳቸው ነው። መውጫ ያጡት ተርቦች ታዲያ ታፍነው መሞትን እሺ አላሉም፤ ኮርኒሱን ቦርቡረው ወደ ውስጥ ወጡ። እሷም ፍራሿን ጎትታ ሳሎን ማደር ጀመረች።

ዛሬ በማለዳ ደግሞ ባዶ ሻንጣ ይዘው መጡ። ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍተው፣ ይህ ቤት ብቻዋን ለምትኖር ሴት እንደማይሆን፣ ሚስታቸው የኋላውን ክፍል አጽድታ እየጠበቀቻት እንደሆነ፣ ለዚህኛውም ጥሩ ተከራይ እንዳገኙ አስረዷት። የሰው አፍም አለ አሉ። ተርቡ ራሱ ውጪልን እያለሽ ነው ብለው ሊያስቋት ሞከሩ።

አልሳቀችም። ነገር ስታበዛ እንባዋ እንደሚቀድማት ታውቃለችና ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቃሏን ትቆጥባለች። ባሏ በታመመ ጊዜ ከትራሱ ቀና ብሎ በመስኮቱ የሚያየው እነዚህኑ ተርቦች ነበር፤ አባጨጓሬ ታቅፈው ሲገቡ፣ ባዷቸውን ሲወጡ። ሲመሽ «ሠራተኞቼ ገቡ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። ይህን ለዋርሳዋ አልነገረቻቸውም። የሚነገረው ለሚሰማ ነው።

ሻንጣውን ዘጋችና ወስዳ በሩ ሥር አቆመችላቸው። ከዚያ የባሏን ወፍራም የዝናብ ካፖርት ለበሰች፣ ባርኔጣዋ ላይ አጎበር ጣል አድርጋ ጫፉን አንገትጌዋ ውስጥ ሸጎጠች፣ ጓንት አጠለቀች። መሮ ያዘች፤ መዶሻ ግን ተወች። ግድግዳቸው ሲደበደብ ነው ተርቦች የሚቆጡት።

ዋርሳዋ እስከ ግቢው ተከተሏት። አበድሽ እንዴ፣ ብትወድቂስ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ እያሉ። መሰላሉን ግድግዳው ላይ ስታስደግፍ የመጨረሻውን ቃል መዘዙ።

«ወንድሜ ቢኖር ይህን አይፈቅድልሽም ነበር።»

ዞረች። ድምጿን አላነሳችም።

«ወንድምዎ በነበረ ጊዜ አንኳኩተው ነበር የሚገቡት፣ ጋሼ። ቁልፉን ሲሄዱ ደረጃው ላይ ያስቀምጡልኝ። ከቤቴ አልወጣም።»

መሰላሉን ወጣች። ፀሐይዋ ገና አልጠነከረችም፤ በብርድ የተርብ ክንፍ ይከብዳል። መሮውን በሲሚንቶው ጠርዝ አስገብታ ቀስ እያለች ፈለቀቀች። የችኮላ ሥራ ነበርና ከግድግዳው ጋር አልተያያዘም። ውስጥ ያለው ድምፅ ከማጉረምረም ወደ ግሣት ተለወጠ። አንዱ ከየት እንደመጣ ሳታየው በጓንቷና በእጅጌዋ መካከል ነደፋት። ጥርሷን ነከሰች እንጂ እጇን አላወናጨፈችም።

ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ።

ተርቦቹ መጀመሪያ አንድ በአንድ፣ ኋላ በአንድነት ተንዠቀዠቁ። ሳትነቃነቅ ቆመች። በግራ በቀኟ አለፉ፤ ጥቂቶቹ ካፖርቱ ላይ አረፉና ክንፋቸውን አራግፈው ተነሱ። ከታች የመኪና በር ተዘጋ።

ቁልቁል አየች። ዋርሳዋ መኪናቸው ውስጥ መሪውን ይዘው ተቀምጠው መስኮቱን እስከ ጫፍ ዘግተዋል። ጣታቸውን እየቀሰሩ ይናገራሉ፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሚሉት አንዱም አይሰማትም።