ከስልኩ ኋላ የተቀመጠ ፊት

ባለቤቴ የልጃችንን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ኮሌታውን ጨርሳ እንደገና ትመለስበታለች። ልጁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቷል፤ ዛሬ ረፋዱ ላይ ለአዲስ ሥራ በስልክ ይፈተናል።

«አንተ ሰውዬ፣ ከመስኮቱ ዞር በል እስቲ! ብርሃኑን ጋረድክበት እኮ!» ትለኛለች።

ወንበሬን ይዤ ወደ ጥግ እሸሻለሁ። በዚህ ዕድሜ በገዛ ልጅ መቅናት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም እቀናለሁ።

በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ከፋብሪካ ተቀንሼ ነበር። ዐሥራ አንድ ወር ማንም አላወቀብኝም። በቀን ቤት የሚውል ወንድ መሳቂያ ስለነበረ፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ሥራ ፈላጊ በሚሰበሰብበት የፋብሪካ በር ላይ እቆም ነበር፤ አልፎ አልፎ የቀን ሥራ ይገኝ ነበር። ባልተገኘ ቀን፣ ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ግራሶ ዘግኜ እጅጌዬን እለቀልቅ ነበር፤ ሲሠራ የዋለ ሰው እንድመስል። ባለቤቴ ያንን እድፍ እየፈተገች፣ «ምናለ ሥራ ብትቀይር!» ትለኝ ነበር። የእኔ ዘመን ሥራ ፈት ሸሚዙን ያቆሽሽ ነበር፤ የእርሱ ይተኮስለታል።

ልጁ ስልኩን መጻሕፍት ላይ አቁሞ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ያመልጠዋል፤ ሁለተኛውም። አንደበቱ ተሳስሯል።

«ማነው የሚጠይቅህ?» እለዋለሁ።

«ማንም፣ አባባ። ጥያቄው ተጽፎ ይመጣል፣ አንድ ደቂቃ ይቀዳኛል። መልሱንም ማሽን ነው የሚመዝነው አሉ። የራሴን ፊት እያየሁ ምን ልበል?» ላቡን ይጠርጋል። «እነዚያ እርስዎ የሚያወሩልኝ፣ በር ላይ ይቆሙ የነበሩት ሰዎች እንዴት ታድለዋል! ዓይናቸውን አይቶ ‹የለም፣ ሂዱ› የሚላቸው ሰው ነበራቸው። አብሯቸው የሚባረርም።»

የራሴን ታሪክ የሌሎች እያስመሰልኩ ስነግረው ኖሬአለሁ። በዚያ መከራ የሚቀና ሰው ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«እማዬ፣ ነይ ከስልኩ ኋላ ተቀመጪልኝ። አንቺን እያየሁ ልናገር።»

እርሷን መጥራቱ ያንገበግበኛል። ገና ከመቀመጧ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

«ተዪው በቃ፣ እማዬ፤ አንቺ ካለቀስሽ እኔም አልችል። አባባ፣ እርስዎ ይምጡ። ቶሎ! የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት።»

እቀመጣለሁ።

«ፊትዎን ፈታ ያድርጉት እንጂ፤ ዘበኛ መሰሉኝ እኮ!»

እንደምንም እፈታዋለሁ። ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ልጄ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቻለሁ» ይላል፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። «ጠዋት ስነሣ የምሄድበት የለኝም። ከዚህ በላይ ያደከመኝ ነገር የለም። መሥራት የምፈልገው ለዚህ ነው።»

እናቱ እየሰማች! ያውም በሙሉ አፉ! እኔ ይህችን «ሥራ ፈትቻለሁ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ለማንም አውጥቼ አላውቅም። እቀናበታለሁ።

ደቂቃዋ አልቃለች፤ ስልኩ ጠፍቷል። ልጄ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም፤ እንደ እነዚያ በር ላይ እንደቆሙት ሰዎች፣ ከሰው አፍ መልስ ይጠብቃል።