አጥር ዳር ያለ ጎጆ

ሃምሳ አለቃ ሸዋንግዛው ጥርጣሬን የተማረው ከወፍ ነው።

ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ ጀርባ፣ የእሱና የከብት ነጋዴው የዳባሶ ግቢ በአንድ የእሾህ አጥር ይዋሰናሉ። አጥሩ ላይ በበቀለው ግራር ወፎች ጎጆ ይሸምናሉ። ኑኃሚን የምትባል ተመራማሪ አባታቸውን ለመለየት ከጫጩቶቹ ጠብታ ደም እየወሰደች ሁለት ዓመት ተመላለሰች።

«ወንዱ ወፍ በያዘው ክልል መሐል የተሠራ ጎጆ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች የባልየው ናቸው፤» አለችው አንድ ቀን። «ድንበር ላይ ከተሠራ ግን የጎረቤት ልጅ አይጠፋበትም።»

«ጎረቤትየው መቼ ይመጣል?»

«ባልየው ሲርቅ።»

ሸዋንግዛው ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን አልሳቀም። ዘብ ያደረባቸውን ሌሊቶች አሰበ። የስምንት ዓመት ልጁን እንዳሻውን ትኩር ብሎ አየው። ልጁ መለሎ ነው፤ ዳባሶም መለሎ ነው። እሱ ራሱ አጭር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ እሙሽ ሰላም አጣች። እሷ ትምላለች፣ እሱ ይሳደባል። አጥሩ ላይ የነበረችውን መሹለኪያ በእሾህ ደፈናት፤ የት እንዳለች መፈለግ አላስፈለገውም።

«ልጁ የዳባሶ ከሆነ ሁለታችሁም ከዚህ ቤት ትወጣላችሁ!» አላት። እሙሽ ሌላ መሄጃ አልነበራትም።

ዳባሶ ለአባትነት ምርመራ ምራቁን እንደማይሰጥ የታወቀ ነው። ሸዋንግዛው ግን መላ አላጣም። ዳባሶ እንደ ልማዱ ለከብት ግዢ አሬሮ ሲከርም ጠብቆ ግቢው ገባ። ውሻው አልጮኸም። የዳባሶ ሚስት ጉያቱ አይታው ፊቷን አዞረች። ለልጃቸው ለአሸቱ ማስቲካ ሰጥቶ ያኘከችውን ተቀበላት፤ የራሱንና የእንዳሻውን ምራቅ ጨምሮ አዲስ አበባ ላከ። ሁለቱ ልጆች አባታቸው አንድ ከሆነ ወረቀቱ ይናገራል።

መልሱ የመጣ ቀን ዳባሶንና ጉያቱን፣ እሙሽንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ሰበሰበ። ወረቀቱን ለኑኃሚን ሰጣት። አየችውና መልሳ አጠፈችው።

«አለቃ፣ ብቻዎን ቢሰሙት ይሻላል።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! ሰው ፊት አንብቢው!»

«እንዳሻውና አሸቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው።»

እሙሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዳባሶ ዱላውን ጨብጦ ተነሳ። «ዋቃ ያውቃል፣ ነክቻት አላውቅም!»

«ሰማችሁ?» ሸዋንግዛው ጮኸ። «ልብሷን አውጡላት!»

«አልጨረስኩም፤» አለች ኑኃሚን። «አባታቸው እርስዎ ነዎት።»