ደም ያላየ ፎጣ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ጢሜን በድንጋይ ላጩኝ። በጅጅጋ የፀጉር አስተካካዩን የፋኑኤልን ያህል ቀላል እጅ የለም፤ ነፋስ ከእሱ ይልቅ ፊት ይቧጥጣል።

ነገ ኒካህ ያለው ዐያንሌ «ፊቴን አደራ» ብሎ ተቀመጠ። ፋኑኤል የትኛው ምላጭ እንደሚሻል ሊያሳየው ግራ ጉንጩን በነባሩ የህንድ ምላጭ፣ ቀኙን ከድንበሩ ከተማ ከውጫሌ በመጣው አዲስ ምላጭ ላጨው። አረፋውን የጠረገበትን ነጭ ፎጣ እንደ ባንዲራ ዘረጋው፤ አንዲት ጠብታ ደም የለበትም።

«ምንም አልተሰማኝም» አለ ሙሽራው።

«ሰማህ ሳማታር? ጭረት እንኳ የለውም» አለ ፋኑኤል፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ደንበኛው።

ሳማታር ጎንበስ ብሎ የሙሽራውን ቀኝ ጉንጭ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቆርጠኸዋል እኮ፣ ወንድሜ። በጉንጩ በኩል ጥርሱ ይታየኛል። ደሙ ነው ያልመጣው።»