እግሩን ያላወረደው ሰው

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ደበሌ የጣሊያኖቹን ፖስታ በሞተር ከወልቂጤ ወደ አገና ያመላልስ ነበር። አገሬው ባንዳ ይለዋል፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍረው የለም። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። ደበሌ ቀስ ብሎ፣ ቋጥኙን እንደ ፍየል እየመረጠ፣ እግሩን መሬት ሳያስነካ ያልፈዋል። የሚጭነው የመድኃኒት ጠርሙስ ተሰብሮበት አያውቅም። በፍጥነት ግን ነድቶ አያውቅም።

ታላቅ ወንድሙ ተካ ወልቂጤ ታስሯል። የተካ ልጅ ወልደአማኑኤል የስልክ ሽቦ ቆርጦ ስለተሰወረ የጣሊያኖቹ ካፒቴን አባቱን ያዘ። ልጁ ካልመጣ አባቱ ይሰቀላል።

“ልጅሽን ከግቤ ማዶ አሻግሬዋለሁ” ብሎ ደበሌ ለተካ ሚስት ለአሰፋሽ ነግሯታል። እሷም ጠዋት ጠዋት ወደ ግቤ ዞራ ትጸልያለች።

ከደበሌ ጋር የሚያጣላት ሌላ ነገር ነበር።

“ጓሮዬ ውስጥ ጉድጓድ ሙሉ ቆጮ እያለ ከገበያ ገዝቼ እበላለሁ” አለችው። “ትልቁን፣ የመስቀሉን፣ ልክፈተው።”

“አልደረሰም። ተካም አደራ ብሎኛል።”

ይህስ እውነት ነው። እስር ቤት ሊጠይቀው ሲሄድ ተካ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። “የመስቀሉን ጉድጓድ አደራ። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ጊዜው ሳይደርስ እንዳይከፈት።” አሰፋሽ ይህን ስትሰማ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ መስቀል የሚያስብ ጉራጌ እንጂ ሌላ ማን አለ?

ደበሌም አደራውን አጥብቆ ጠበቀ። ቆጮ የሴት ሥራ ነው፤ እሱ ግን ማታ የሸክላ ጣባውን ይዞ ጥጃውን ልይ ብሎ ወደ ጓሮ ሲወጣ የጉድጓዱን ድንጋይ ሳያስተካክል አይመለስም። የሰፈሩ ሴቶች ሳቁበት።

ካፒቴኑ በጣሊያኖቹ በዓል ሰሞን የሞተር ውድድር አወጀ። ውድድሩ በጀፎረው ላይ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም በሚውልበት በሰፊው የመንደሩ ሣር መንገድ።

“አራቱን ወታደሮቼን ከቀደምክ ወንድምህን ውሰድ” አለው ለደበሌ። “እግሩ መሬት የነካ ከውድድሩ ይወጣል።”

ደበሌ ቡታጅራ ወርዶ መካኒኩን ሙስተፋን አስተምረኝ ብሎ ለመነው።

“አንተ ሞተሩን ትለምነዋለህ” አለው ሙስተፋ ነድቶ ሲያየው። “እዘዘው እንጂ።”

“ቢጥለኝስ?”

“ወላሂ ይጥልሃል። ተነስተህ ትቀጥላለህ።”

ወደቀ፤ ክርኑ ተላጠ፤ ተነሳ። በማግስቱም ወደቀ። ኋላ ግን አንድ ካብ ላይ ጋዙን ሳይለቅ ወጣና ሁለቱም ጎማዎች መሬት ለቀቁ። አየር ላይ ሆኖ ሳቀ። ወንድሙ ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ሙስተፋ ጀርባውን መታ አደረገው፤ ደበሌ ፊቱን አዞረና አለቀሰ።

በውድድሩ ጠዋት ካፒቴኑ መንገዱን ቀየረ። ጀፎረው ለጥ ያለ ስለሆነ አልጣመውም። የጣሊያኖቹ ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ የተካን እንሰት ጨፍጭፈው ከጀፎረው ወደ ጓሮው የሚገባ መንገድ ከፈቱ፤ በየአጥሩ ሥርም ቆሙ።

“እዚያ ጉብታ አለ” አለ ካፒቴኑ። “በላዩ ይዘላሉ።”

ደበሌ ፈጠን ብሎ ተጠጋ። “ጌታዬ፣ ከዚህ የሚሻል ጉብታ ላሳይዎት።”

“ፈራህ?”

አሰፋሽ እጅጌውን ያዘችው። “ደበሌ፣ የባሌ ነፍስ በእጅህ ነው። ዛሬ እንኳ ሰው ሁን።”

ደበሌ ሞተሩን አስነሳ።

ውድድሩ ሲጀመር ደበሌ ቀደመ። ባንዳ ሲለው የከረመ ሁሉ እልል አለለት። ቦዩን ዘለለ፣ ካቡን ዘለለ፤ ወታደሮቹን ኋላ ጥሎ ወደ ተካ ጓሮ ገባ። አሰፋሽ ተንበርክካ ነበር።

ከጉብታው ሥር ሲደርስ ቆመ።

ሞተሩን አግድም አዞረና እግሮቹን ከመርገጫው ሳያወርድ ቀጥ አለ። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይል፣ አይወድቅም። አስካሪዎቹ እንዳያስወጡት እግሩ መሬት አልነካም። ወታደሮቹ እየተሳደቡ ግማሹ በግራ ግማሹ በቀኝ፣ ጉብታውን ዞረው አለፉ። የመጨረሻው ካለፈ በኋላ ደበሌ እግሩን አወረደ።

ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተካ በሳምንቱ ወልቂጤ ተሰቀለ።

ለቅሶው ጀፎረው ላይ ዋለ። አሰፋሽ ደረቷን እየደቃች “ጉብታ የፈራ ወንድም፣ ወንድሙን አስበላ” ብላ አሞሸች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ደበሌ ዳር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሰማ። ለማስተዛዘን የመጣው ሙስተፋ ብቻ አጠገቡ ተቀመጠ።

“ያን ጉብታ ትዘለው ነበር” አለው።

“እዘለው ነበር።”

“ታዲያ?”

ደበሌ ወደ ተካ ጓሮ ዞሮ አየ።

ለተካ ተስካር ጥቂት ሲቀር ካፒቴኑ ወታደሮቹን ጠቅልሎ ወደ ቡታጅራ ተዛወረ። ያን ዕለት አሰፋሽ ቢላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ደበሌን ጉብታው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

“ለባሌ ተስካር ጉድጓዱን እከፍታለሁ። ወንድ ከሆንክ ከልክለኝ።”

“ዛሬስ አልከለክልሽም” አለ። ከጉብታው ወረደና ድንጋዮቹን ራሱ አንድ በአንድ አነሳላት።

አሰፋሽ አጎንብሳ የእንሰቱን ቅጠል ገለጠች።

“እማዬ” አለ ወልደአማኑኤል ከሥር፣ ዓይኑን ከብርሃኑ በክንዱ ከልሎ፣ “የሞተሮቹን ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ አባዬ ተፈታ?”