አራተኛው እጥፋት

የጣሪያውን አሸንዳ ማዕዘን በኮምፒውተር ስሠራ ሦስቱ እጥፋቶች ተሳኩ፤ አራተኛው ግን ከመጀመሪያው ጋር እየተጋጨ ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ። ማጠፊያው ክፍል ውስጥ የቀረኝ አንድ ቆርቆሮ ነው። እሱን ካበላሸሁ፣ አማኑኤል ሰፈር ያለው የእትዬ ሽታዬ ቤት ሲያፈስ ይከርማል።

አጣፊያችን ጌቱ በሕይወት ሳለ ከግድግዳው ማዶ ይስቅብኝ ነበር፦ «ኮምፒውተርህ ቆርቆሮ ነክቶ ያውቃል እንዴ?» እሱ ከተቀበረ ወዲህ ክፍሉን ቆልፌ ለሥራ ብቻ እገባለሁ።

ዛሬ በልማድ ጮህኩ፦ «ጌቱ፣ አራተኛው እምቢ አለኝ እኮ!»

የራሴን ድምፅ ስሰማ አፈርኩ፤ የሰማኝ ሰው ግን አልነበረም።

ከግድግዳው ማዶ ማጠፊያ ማሽኑ አራት ጊዜ ሲጫን ሰማሁ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩ። ማንም የለም። ቆርቆሮው አራት ቦታ ታጥፏል። ለካሁት፤ ልክ ነው። የመጨረሻውን እጥፋት በጣቴ ነካሁት።

ገና ትኩስ ነበር።