ተሞልቶ የሚጠብቅ ቅጽ

ኦቲሊያ የጠፋ ልጇን የኤፍራይንን የፍለጋ ማመልከቻ በየሰኞው ማዛትላን ወደብ አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ትልካለች። ካልታደሰ የጠፉ ሰዎችን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ይሰርዘዋል። ኮምፒውተሩ ያለፈውን ጽሑፍ ስለሚያስቀምጥላት «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው ሥራዋ።

«ዶና ኦቲሊያ፣ ይሄ ማሽን እንደ ባለሥልጣኖቻችን አይረሳም!» ይላታል የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት።

ዛሬም ቅጹ ተሞልቶ ወጣ። ስሙ ግን የኤፍራይን አልነበረም፤ ከኋላዋ ተቀምጣ የምትጠብቃት የሴት ልጇ የኢትሴል ነበር። ልብስ፦ ቢጫ ሸሚዝ። የጠፋችበት ቀን፦ የዛሬው። መጨረሻ የታየችው፦ ማንጎ ልግዛ ብላ ከኢንተርኔት ቤት ስትወጣ።

ኦቲሊያ ሁሉንም አጠፋችው። ገጹን መልሳ ስትከፍተው እንደገና ተሞልቶ ጠበቃት።

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ቆየሽ?» ኢትሴል ቢጫ ሸሚዟን እያቃናች ተነሣች። «በይ፣ አንቺ እስክትጨርሺ እኔ ማንጎ ልግዛ።»