ከነቤተዘመዱ የመጣው እንግዳ

«አንድ መስመር ኮድ ናት እኮ» አለ ጥድፌ፣ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋ ላይ እየተነፈሰ። «እሷን ለማስገባት ተንበርክኬ ልለምንሽ?»

«መጀመሪያ ትንፋሽህን ሰብስብ። አንገቴን አላብከው።»

በረኛዋ ፊቷን ከስክሪኑ አላነሳችም። ስሙን ያወጡላት እሱና መሰሎቹ ናቸው። የቢሮው ሰው ሁሉ የጻፈው ኮድ አንድ ላይ ተገጣጥሞ ሶፍትዌር ሲሆን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ከኢንተርኔት የሚለቀም የሰው ኮድ፣ ፓኬጅ የሚሉት፣ በእሷ በኩል ካላለፈ አይገባም። ሶፍትዌሩ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ጉሉኮስ የሚያንጠባጥበውን ማሽን ነው የሚያዘው። ስለዚህ ታጣራለች። ስለምታጣራም የሚወዳት የለም።

«አንድ መስመር አይደለችም» አለች። «አንድ እንግዳ ጠራህ፣ ከነቤተዘመዱ መጣ። ያመጣኸው ፓኬጅ ሌላ ፓኬጅ ይፈልጋል፣ ያም ሌላ ይፈልጋል። ማናቸው እነዚህ ሁሉ? አንዱን እንኳ ታውቀዋለህ?»

«የምትሳፈሪበትን አውቶብስ ሹፌር ታውቂዋለሽ?»

«ቢያንስ ፊቱን አየዋለሁ።»

«እትዬ፣ አርጅተሻል።»

እትዬ ሲላት አክብሯት እንዳይመስላችሁ። የአጎቷ ልጅ ነው፣ ብትበልጠው በአንድ ክፍል ነው፤ ቃሉን እንደ ጠጠር ነው የሚወረውረው። ከማዶ የተቀመጡት ሳቃቸውን አፍነው ስክሪናቸው ውስጥ ተደበቁ።

በዚህ መሀል አጎቷ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከሩ ገቡ። ድርጅቱ የእሳቸው ነው። «ገዢዎቹ ክሊኒኩ ጋ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። አዲሱ ነገር የታለ?»

«እሷ ዘግታው ነው፣ አባዬ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፤ አንድ በአንድ ልያቸውና...»

«ስሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ሲያደርጉት ነው የሚያስፈሩት። «የእህቴ ልጅ ነሽ ብዬ እዚህ ያስቀመጥኩሽ፣ በር ትሆኛለሽ ብዬ እንጂ ግድግዳ ትሆኛለሽ ብዬ አይደለም። አሁን ካልከፈትሽ ወንበሩን ለእሱ ልቀቂለት።»

ጥድፌ ከወዲሁ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

ከፈተች። ምን ታድርግ። ኪቦርዱን ጥፊ እንደማቅመስ አድርጋ መታችው። «ይግባ። ከነዘርማንዘሩ።»

የፓኬጆቹ ስም ከነሠሪዎቻቸው ስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር። ጥድፌ እንደ አስተማሪ ስም እየጠራ፣ ራሱ «አቤት» እያለ ያሾፋል። ድንገት ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተከለ።

«ኧረ ጉድ። ይሄ ያንቺ ስም አይደለም እንዴ?»

የእሷ ነው። ተማሪ ሳለች የጻፈቻት፣ ሰዓትና ደቂቃ የምታሰላ ትንሽዬ ኮድ፣ ከታች የዘመድ ዘመድ ሆና ተቀምጣለች።

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ጥድፌ ሆዱን ያዘ። «ማናቸው ማናቸው ስትይ የነበረው ራስሽን ነው?»

እሷ ግን አልሳቀችም። ያቺን ኮድ ከነካቻት ቆይቷል። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው በኢሜይል ጻፈላት፤ ትሁት ነገር ነው፣ አመስግኖም አይጠግብ። ጊዜ ከሌለሽ እኔ ልንከባከባት አላት። ሰልችቷት ነበርና ሻይዋን ሳትጨርስ ፓስወርዱን ላከችለት። ማነህ አላለችውም። የት ነህ አላለችውም። ስሟ ያው እንደተለጠፈ በሩ ላይ ቀረ፣ ቁልፉ ግን ሰውዬው ጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ውስጧ ምን እንዳስገባባት አታውቅም።

«በይ እንግዲህ» አሉ አጎቷ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ። እንዲህ አድርገዋት አያውቁም። «የራስሽንም ልጅ ታጣሪያለሽ?»

የጭነቱን ሂደት የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከሞላ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ማሽኖች ነው። ማቆሚያው ጣቷ ሥር ነው፤ ከተጫነችው ደግሞ ለምን ይሏታል፣ እሷም መናገር አለባት።

ሳቁ ገና አላለቀም ነበር ስትጫነው።

መስመሩ ቀጥ አለ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳችና ለጥድፌ አዞረችለት።

«ተቀመጥ» አለችው። «ማጣራቱን ከእኔ ስም ጀምር።»

ወንበሩ ባዶውን ትንሽ ተሽከርክሮ ቆመ። ጥድፌ አልተቀመጠም።